ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤ ፈረሰኛው ግን የት ሄደ?

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ አባቶቻችን። እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ ስለ ፈረስ ለመጻፍ ያበቃኝም አባትነቴ ብቻ ነው። እዚህ ሚኒሶታ፣ ፕሊማውዝ ከተማ ያሳደግኋት ልጄ ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ የረጅም ርቀት ግልቢያ ትለማመዳለች። ባለፈው ዓመት ግን ልትተወው ደርሳ ነበር። ምን እንዳራቃትና ምን እንደመለሳት ባስረዳ፣ ልጆቹን አንድ ነገር አስጀምሮ ማቆየት ላቃተው ወላጅ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

በቅድሚያ ስለ ስፖርቱ ጥቂት ልበል። የረጅም ርቀት ግልቢያ እንደ ጉግስ በአንድ ሜዳ ላይ የሚያልቅ ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1955 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተጀመረው ቴቪስ የተባለው ግልቢያ 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተራራማ መንገድ በ24 ሰዓት ውስጥ መጨረስን ይጠይቃል። ለጀማሪዎች 25 ማይል የሚሆን አጭር ርቀት አለ። በየመሀሉ የእንስሳት ሐኪም ፈረሱን አስቁሞ የልብ ምቱን፣ የአንጀቱን ድምፅና አረማመዱን ይመረምራል። ያነከሰ ፈረስ ጋላቢው ምንም ቢለምን አይቀጥልም። በአጭሩ ርቀት የመጨረሻውን መስመር ማለፍ እንኳ መጨረስ አይደለም፤ የፈረሱ የልብ ምት በግማሽ ሰዓት ውስጥ በደቂቃ ወደ 60 መውረድ አለበት፤ ሰዓቱም የሚቆመው ያን ጊዜ ነው። ይህ ለመሐንዲስ እንግዳ ነገር አይደለም። የማሽን ጤንነት የሚታወቀው ጭነት ሲሸከም ብቻ ሳይሆን፣ ጭነቱ ሲነሣለት ፈጥኖ ወደ ልኩ ሲመለስም ጭምር ነውና።

ባለፈው ሰመር ልጄ የተዋሰችው ፈረስ ሁለተኛው ምርመራ ላይ በማነከሱ ከውድድሩ ወጣች። አለቀሰች። እኔም ነገሩን ሳላስተውል «ይህን ሁሉ ደክመሽ ሳትጨርሺ ቀረሽ?» አልኋት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸው ቃል ነው። ማነከሱን ከሐኪሙ ቀድማ ያወቀችው፣ ከጀርባው ወርዳ እየሳበች ያመጣችው እርሷው ነበረች! እኔ ግን ትክክለኛውን ሥራ የሠራችውን ልጅ እንደ ተሸናፊ ቆጠርኋት። ሁለት ወር ሙሉ ኮርቻ አልነካችም።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው የአሜሪካ የረጅም ርቀት ጋላቢዎች ማኅበር ደንብ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በአብዛኛው ያለ አዋቂ አጃቢ እንዳይጋልብ ያዝዛል። 16 ሲሞላው አጃቢው ይቀራል። በሚኒሶታ ለብቻ ለመንዳት የሚያስችል መንጃ ፈቃድ የሚገኘውም በዚያው ዕድሜ ነው። ልክ መኪናው፣ የትርፍ ጊዜ ሥራውና የኮሌጁ ዝግጅት ሲመጣ፣ ከጎኑ የሚጋልበው ሰው ይለየዋል ማለት ነው። ታዲያ ወጣቱ ቢጠፋ ምን ይደንቃል?

የልጄ አጃቢ የነበሩት አሜሪካዊት አዛውንት ግን አልተለይዋትም። ደውለው «ነይ ጋልቢ» አላሏትም፤ «የልብ ምት የሚመዘግብልን ሰው ቸግሮናል» አሏት እንጂ። ልጄ የልብ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ዋለች። የስንት ዓመት ጋላቢዎች ፈረሳቸው ሲታገድ ያለ አንዳች እፍረት ሐኪሙን አመስግነው ሲሄዱ አየች። በሳምንቱ ክሮው ሐሰን ፓርክ ውስጥ ኮርቻ ላይ ነበረች።

ይህን ሳይ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ትዝ አለኝ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ማኅበር የዓድዋ አርበኞችንና ፈረሶቻቸውን የሚዘክርበት በዓል ጥር 23 ቀን አዊ ውስጥ፣ እንጅባራ ላይ ይከበራል። ከሰማንያ ዓመታት በላይ ያቆየው ሽልማት ነውን? አይመስለኝም። ፈረሰኛው ለሠርግም ለለቅሶም ይፈለጋል፤ የማኅበሩ ሽማግሌዎች የተጣላ ያስታርቃሉ። ወጣቱ በታላላቆቹ መካከል ቦታም ሥራም አለው።

እኛ በስደት ያለን ወላጆች ልጆቻችንን በዋንጫና በሜዳሊያ እናስጀምራለን፤ ዋንጫው ሲቀር እነርሱም ይቀራሉ። ስለዚህ ሥራ እንስጣቸው፤ አሥራ ስድስት ሲሞላቸው ከጎናቸው አንለይ፤ ማቆም በሚገባቸው ቦታ ሲያቆሙም እናመስግናቸው። ፈረስስ ያደርሳል፤ ልጅን የማቆየቱ ውጊያ ግን የእኛ ነው።