ሞተ ተብሎ የሚጣለው ኦርኪድ

ኦርኪድ ለስጦታ ከሚመረጡ የቤት ውስጥ አበቦች አንዱ ነው። ለልደት፣ ለአራስ ጥየቃ፣ ለቤት ምርቃት ይዘውት ይሄዳሉ። አበባው ሁለትና ሦስት ወር ሳይረግፍ ይቆያል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። አበቦቹ አንድ በአንድ ይረግፋሉ፣ ዘንጉ ይደርቃል፣ ወፍራሞቹ ቅጠሎች ይጨማደዱና ይዝላሉ። ባለቤቱ የጠማው መስሎት ውኃ ይጨምርለታል። ሳምንት ጠብቆ ለውጥ ሲያጣ አሁንም ይጨምራል። ጥቂት ቆይቶ ተክሉ ከነማሰሮው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይገኛል።

እንዲህ ከሚጣሉት ኦርኪዶች ብዙዎቹ ግን አልሞቱም። አብዛኞቹን ለዚህ ያበቃቸውም ቸልታ ሳይሆን ያለቦታው የተደረገ እንክብካቤ ነው፤ በተለይም ውኃ። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ተክሉ ከየት እንደመጣና በምን እንደሚኖር ማየት ያስፈልጋል።

በዓለም ላይ እስካሁን የታወቁት የኦርኪድ ዝርያዎች ወደ 28,000 ይጠጋሉ። ቫኒላ የሚገኝበት ተክልም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። በየሱቁ በብዛት የሚሸጠው ግን ፋሌኖፕሲስ የሚባለው ወገን ነው። የትውልድ ቦታው ሞቃቱና ዝናባማው የእስያ ደን ሲሆን ከፊሊፒንስና ከኢንዶኔዥያ አልፎ እስከ ሰሜን አውስትራሊያ ድረስ ይበቅላል። በዚያ ደን ውስጥ አብዛኛው ፋሌኖፕሲስ መሬት አይነካም፤ በዛፍ ግንድና ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ይህ ሲባል እንደ ተቀጽላ የዛፉን ምግብ ይመጥጣል ማለት አይደለም። ዛፉን የሚፈልገው ለመቆሚያ ብቻ ነው። ውኃውን ከዝናብና ከጉም፣ ምግቡን ደግሞ በቅርፊት ስንጥቅ ከሚጠራቀም ብስባሽና ከዝናቡ ጋር ከሚወርድ ማዕድን ያገኛል።

ሥሩ የተሠራው ለዚህ ኑሮ ነው። ውስጡ ቀጭን፣ ጠንካራ ክር ሲሆን በላዩ ቬላመን የሚባል የሞቱ ሴሎች ሽፋን አለው። ይህ ሽፋን ልክ እንደ ስፖንጅ ዝናብ ሲነካው ወዲያው ውኃውን መጥጦ ይይዛል፤ ከዚያም ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ያሳልፈዋል። ሲደርቅ ብርማ፣ ሲርስ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። አረንጓዴው ቀለም ከሽፋኑ ሥር ያለው ክሎሮፊል ነው፤ የፋሌኖፕሲስ ሥር በብርሃን ተጠቅሞ ምግብ መሥራት ይችላልና። በደኑ ውስጥ ዝናቡ ሲያባራ ነፋሱ ሥሩን በሰዓታት ውስጥ ያደርቀዋል። መርጠብ፣ መድረቅ፣ እንደገና መርጠብ፤ ሥሩ የለመደው ይህን ነው። ሁልጊዜ እርጥብ በሆነና አየር በማይገባበት ነገር ውስጥ ሲቀበር ይታፈናል፣ ከዚያም ይበሰብሳል።

የበሰበሰ ሥር ውኃ አይስብም። ስለዚህ በውኃ የተጥለቀለቀው ተክል ቅጠሉ የሚጨማደደው በጥም ነው። ብዙውን ሰው የሚያሳስተው ይኸው ነው። ውኃ ያጣ ኦርኪድና ውኃ የበዛበት ኦርኪድ ከላይ ሲታዩ መልካቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ሥሩ ላይ ነው፣ ሥሩ ደግሞ ማሰሮ ውስጥ ተደብቋል።

የሕመሙ ዝግታም ያዘናጋል። አብዛኞቹ ዕፅዋት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመሳብ የቅጠላቸውን ቀዳዳዎች ቀን ቀን ይከፍታሉ። ፋሌኖፕሲስ ግን እንደ ቁልቋልና እንደ እሬት ሁሉ የሚከፍተው ማታ ማታ ነው፤ በዚህም በቀን ሙቀት ይተን የነበረውን ውኃ ይቆጥባል። በወፍራም ቅጠሉ ያጠራቀመውን እየተጠቀመ ሥር ባይኖረው እንኳ ለሳምንታት ይቆያል። ስለዚህ ቅጠሉ ላይ ምልክት የሚታየው ሥሩ ከተበላሸ ብዙ ዘግይቶ ነው። በሌላ በኩል ይኸው ቁጠባ ተክሉን ለማዳን በቂ ጊዜ ይሰጣል።

ከአምራቹ ወደ ቤት የሚመጣበት አያያዝም የራሱ ድርሻ አለው። በኔዘርላንድስና በታይዋን ያሉ ትልልቅ አምራቾች ተክሉን በመስታወት ቤት ውስጥ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት እየሰጡ ቅጠል ብቻ እንዲያወጣ ያሳድጉታል፤ ከዚያ ሙቀቱን ወደ 20 ዲግሪ አካባቢ ሲያወርዱለት የአበባ ዘንግ ያወጣል። ገበያ የሚወጣው ጉልበቱን ሁሉ አበባው ላይ ባፈሰሰበት ሰዓት ነው። ብዙ ጊዜ ሥሩ መካከል ስፋግነም የተባለው ውኃ ያዥ ዕፅ ተጠቅጥቆ ይገኛል፤ ላዩ ሲነካ ደረቅ ነው፣ ውስጡ ግን ለብዙ ቀን እርጥብ ሆኖ ይቆያል። በዚያ ላይ ለጌጥ ተብሎ የሚቀመጥበት ዕቃ ቀዳዳ ከሌለው የፈሰሰው ውኃ መውጫ አያገኝም።

የታመመን ኦርኪድ ማዳን የሚጀመረው ከማሰሮው በማውጣት ነው። የተተከለበት አሮጌ የዛፍ ቅርፊትና ስፋግነም ለብ ባለ ውኃ እየታጠበ ሙሉ በሙሉ ይነሣል። ከዚያ እያንዳንዱ ሥር በጣት ይፈተሻል። ሲጫኑት የሚጠነክር ሥር በሕይወት አለ። ጨለማ ውስጥ የቆየ ጤነኛ ሥር ቢጫ ወይም ቡናማ ሊሆን ስለሚችል በቀለሙ ብቻ ፈርዶ መቁረጥ አይገባም። ሲጫኑት የሚሟሽሽ፣ ውኃ የሚያወጣ፣ ወይም ሽፋኑ ተልጦ ክሩ ብቻ የቀረ ሥር ግን ሞቷል፤ ጤነኛው አካል እስኪገኝ ድረስ ይቆረጣል። መቀሱ በእሳት ወይም በአልኮል መጽዳት አለበት፤ ወደ ሌላ ተክል ሲዛወርም እንደገና። የሲምቢዲየም ሞዛይክ ቫይረስን የመሰሉ የኦርኪድ በሽታዎች መቀስ ላይ በቀረ ጭማቂ ይተላለፋሉ፤ አንዴ ከገቡም መድኃኒት የላቸውም።

በቁስሉ ላይ የቀረፋ ዱቄት መነስነስ በኦርኪድ አብቃዮች ዘንድ የተለመደ ነው። ቀረፋ ፈንገስን ይከላከላል፣ ነገር ግን ያደርቃል፤ ስለዚህ ከተቆረጠው ጫፍ አልፎ ጤነኛው ሥር ላይ መፍሰስ የለበትም። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚያፈሱም አሉ። እሱ ግን ከበሽታው ጋር ሕያዉን ሴል ጭምር ስለሚጎዳ ቢቀር ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ውሳኔ አበባውን መቁረጥ ነው። ሥሩን ያጣ ተክል የአበባ ዘንግ ተሸክሞ አይድንም፤ ያለችውን ጥቂት ውኃና ስኳር ዘንጉ ይወስድበታል። እምቡጥ ቢኖረው እንኳ ዘንጉን ማንሣት ተክሉን ማትረፍ ነው።

አዲሱ ዕቃ ለቀሩት ሥሮች ብቻ የሚበቃ፣ ከታችና ከጎን ብዙ ቀዳዳ ያለው ትንሽ ዕቃ መሆን አለበት። ውስጡ የሚያሳይ ፕላስቲክ ከሁሉ ይሻላል፤ የሥሩ ቀለም እየታየ ውኃ ይሰጣልና። የሚሞላውም ጎርበጥባጣ የፓይን ዛፍ ቅርፊት ነው። ተራ አፈር ከገባበት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ሥሮቹ ብርማ ሲሆኑ ውኃ በደንብ ፈስሶበት እስኪንጠፈጠፍ ይጠበቃል። በቅጠሎቹ መገናኛ ላይ ውኃ ከቆመ ግን በጨርቅ መነሣት አለበት፤ ፋሌኖፕሲስ አዲስ ቅጠል የሚያወጣበት አንድ እምብርት ብቻ ስላለው እሱ ከበሰበሰ ተክሉ ወደ ላይ ማደጉን ያቆማል። እንዲህ የሆኑ አንዳንድ ተክሎች ከግርጌያቸው አዲስ ቡቃያ አውጥተው ይተርፋሉ። ማዳበሪያ አዲስ ሥር እስኪታይ ድረስ አይሰጥም፤ ከዚያም ቢሆን እጅግ ቀጥኖ ነው።

አንድም ሥር ያልቀረለት ተክልስ? ቅጠሉ አረንጓዴና እምብርቱ ጤነኛ ከሆነ ተስፋ አለው። እርጥበቱ በእጅ ተጨምቆ በወጣ ስፋግነም ላይ ተቀምጦ፣ በሚያሳይ የፕላስቲክ ከረጢት ተሸፍኖ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ብሩህና ሞቃት ቦታ ይቆያል። ከረጢቱ አየሩን እርጥብ ስለሚያደርገው ቅጠሉ የሚያጣው ውኃ ይቀንሳል። ወራት ሊወስድ ይችላል፣ ሁልጊዜም አይሳካም። የተጨማደደው አሮጌ ቅጠል ቀጥ ብሎ ላይመለስ ስለሚችል መመዘኛው እሱ አይደለም። መዳኑ የሚታወቀው ጫፉ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ አዲስ ሥር ብቅ ሲል ነው። እንደገና ለማበብ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ለማበብ ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ቀዝቀዝ ያለ ሌሊት ያስፈልገዋል፤ ከ15 ዲግሪ በታች ግን ይጎዳል። በደጋ ከተሞች በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከመስኮቱ መስታወት ራቅ ማድረግ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ከአየር ማቀዝቀዣው ቀዝቃዛ ነፋስ ማሸሽ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሁሉም ኦርኪድ እንደ ፋሌኖፕሲስ አይደለም። አንዳንድ የዴንድሮቢየም ዝርያዎች በደረቁ ወቅት ቅጠላቸውን ሙሉ በሙሉ ያራግፋሉ፤ ራቁቱን የቀረው አገዳ ግን ውኃና ምግብ የያዘ ጎተራ ነው፤ አበባውም የሚወጣው ከዚያው ነው። በዚያ ሰዓት ብዙ ማጠጣት ያበሰብሰዋል። መጣል ደግሞ ሊያብብ የተዘጋጀውን ተክል መጣል ነው።

በውኃና በሙቀት ብዛት ኦርኪድን መግደል የዛሬ ዘመን ስሕተት ብቻ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የእንግሊዝ ባለጠጎች በብዙ ገንዘብ ከሩቅ አገር ያስመጧቸው ነበር። የሞቃት አገር ተክል ሁሉ ትኩስና እርጥብ አየር ይሻል ብለው አየር በማይገባባቸውና እሳት በሚነድባቸው የመስታወት ቤቶች ውስጥ ዘጉባቸው፤ ከረጅሙ የመርከብ ጉዞ የተረፉትም እዚያ አለቁ። ነገሩን ከለወጡት አንዱ የዴቮንሽየር መስፍን አትክልተኛ ጆሴፍ ፓክስተን ነበር። መስፍኑ እ.ኤ.አ. በ1835 ወደ ሕንድ የላከው ጆን ጊብሰን በ1837 ብዙ ኦርኪድ ይዞ ተመለሰ፤ ፓክስተንም በመስፍኑ ርስት በቻትስወርዝ ለእነዚህ ተክሎች ነፋስ የሚገባበትና ሙቀቱ የተለያየ ቤት አዘጋጀላቸው። ኦርኪዶቹ መኖርና ማበብ ጀመሩ። ይኸው ሰው በኋላ በ1851 የተከፈተውን የለንደኑን ክሪስታል ፓላስ ነድፏል።

ዛሬ የታመሙ ኦርኪዶችን መንከባከብ የመንግሥት ሥራ የሆነበትም ቦታ አለ። በ1973 የተፈረመው ዓለም አቀፉ የብርቅዬ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ኦርኪድን በሙሉ ይሸፍናል፤ እንዲያውም በስምምነቱ ከተመዘገቡት ዝርያዎች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ኦርኪዶች ናቸው። ያለፈቃድ ከደን ተነቅለው አሜሪካ ሲገቡ የተያዙ ተክሎች የት ይግቡ የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ የአገሪቱ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት በ1978 የዕፅዋት ማትረፊያ ማዕከላት መርሐ ግብር አቋቋመ። ዋሽንግተን ውስጥ ከካፒቶል አጠገብ ያለው የአሜሪካ የዕፅዋት ማዕከል ከነዚህ አንዱ ነው። በሣጥን ታሽገው፣ ሥራቸው ተሰባብሮና ደርቆ የሚመጡ ተክሎች እየተፈተሹና እየታከሙ እንዲያገግሙ ይደረጋል፤ የመንግሥት ንብረት ሆነውም ይቆያሉ።

አንድ ዝርያን በሙሉ ከሞት የመመለስ ታሪክም አለ። የእመቤት ጫማ የሚባለው ቢጫ ኦርኪድ ከብሪታንያ ጠፍቷል ተብሎ ነበር፤ በ1930 በዮርክሽየር አንድ ተክል ተገኘ። ቦታው ለአሥርት ዓመታት በምስጢር ተጠበቀ። የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀና ስንቅ የሌለው ስለሆነ በተፈጥሮ የሚበቅለው ፈንገስ ሲመግበው ብቻ ነው። የኪው የዕፅዋት ማዕከል ባለሙያዎች ዘሩን በላቦራቶሪ አብቅለው ችግኞቹን ወደ ሜዳ መለሱ፤ ከእነሱ የመጀመሪያው በ2000 አበበ።

ኢትዮጵያም የኦርኪድ አገር ናት። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከፊሊፕ ክሪብና ከፊን ራስሙሰን ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት የመስክ መመሪያ ከ150 በላይ የአገሪቱን ዝርያዎች ያስተዋውቃል። ብዙዎቹ በመሬት ላይ የሚበቅሉ ናቸው፤ በበጋ ከላይ ደርቀው ከመሬት በታች ባለው አካላቸው ይቆዩና ክረምቱ ሲገባ ያብባሉ። ሌሎቹ በዛፍ ላይ ይኖራሉ። ነጭ አበባዋ ረጅም ጭራ ያለውና ማታ ማታ ሽታው የሚያውደው ኤራንጊስ ብራኪካርፓ ከእነሱ አንዷ ናት፤ በሌሊት የሚበርሩ የእሳት እራቶች ይጎበኟታል። በደቡብ ምዕራብ ደኖች እነዚህ ኦርኪዶች የሚኖሩባቸው ትልልቅ ዛፎች ብዙ ጊዜ ለቡናው ጥላ የሚሰጡት ናቸው።

ዛፉ ሲቆረጥ በላዩ ያሉት ኦርኪዶች መሬት ላይ ወድቀው ያልቃሉ። መቆሚያቸውን አጡ እንጂ አልታመሙም፤ እነሱን ማትረፍ ቤት ውስጥ የበሰበሰውን ከማዳን እጅግ ይቀላል። ቅርንጫፍ ሲወድቅ ተክሉን ከነቅርፊቱ አንሥቶ፣ ቀድሞ ከነበረበት ጋር የሚመሳሰል ጥላ ባለው በአቅራቢያው ዛፍ ላይ በጨርቅ ወይም በገመድ አጥብቆ ማሰር ይበቃል፤ ሥሩ ቅርፊቱን ሲይዝ ማሰሪያው ይፈታል። ምቹው ጊዜ የዝናቡ መግቢያ ነው። ቡና የሚያጸዱ ገበሬዎች፣ የደን ጠባቂዎችና የየአካባቢው የግብርና ባለሙያዎች ይህን ልማድ ቢያደርጉት መልካም ነው። ቤቱን በኦርኪድ ማስጌጥ የሚሻ ሰውም ከደን የተነቀለውን ትቶ በችግኝ ቤት የተባዛውን ይግዛ።