ከባንኩ ደጅ እስከ ከብት ተራ

ገንዘብ ይዞ ገበያ የገባ ሰው ሁሉ አንድ ልማድ አለው። ሰው በበዛበት ቦታ ሲደርስ እጁን ወደ ኪሱ ሰደድ አድርጎ ዳበስ ያደርጋል፤ ገንዘቡ በቦታው እንዳለ ሲያውቅ ልቡ ይረጋና መንገዱን ይቀጥላል። አንባቢ ይህችን ዳበሳ በቀላሉ እንዳይመለከታት እለምናለሁ። ባለገንዘቡ ገንዘቡ መኖሩን ባረጋገጠባት በዚያች ቅጽበት፣ ከኋላው የሚከተለው ኪስ አውላቂም የትኛው ኪስ እንደ ሆነ አብሮ አረጋግጧል።

የምናወራው ስለ አርብ ገበያ ነው። በዚህ ስም የሚጠሩ ከተሞች ሌላም ቦታ አሉ፤ እኛ የምንለው በደቡብ ጎንደር የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ነው። በሰሜን ላይ ጋይንት፣ በምዕራብ ስማዳ ያዋስኗታል፤ በደቡብ ደግሞ አገሩ ወደ በሽሎ ወንዝ ቆላ ይወርዳል። ስሟ ራሱ የገበያዋን ቀን ይነግራል። በሌላው ቀን በእንዲህ ያለች ከተማ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፤ አንድ ፀጉረ ልውጥ ብቅ ቢል «ይህ ደግሞ የማን ዘመድ ይሆን?» መባሉ አይቀርም። የገበያ ዕለት ግን ደጋውም ቆላውም ተጠራርቶ ይመጣል፤ ሁሉም እንግዳ ስለ ሆነ እንግዳ የሚባል ሰው አይኖርም። ግርግር ለሌባ ይመቻል የሚባለው ስለዚህ ነው።

ክፉ ሰፈር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የትልቅ ከተማ ጠባብ መንገድ ነው። እኔ በበኩሌ ሰፈር የሚከፋበት ሰዓት አለው እላለሁ። ሰኞ ጠዋት ሕፃን ልጅ ገንዘብ ይዞ የሚሻገረው መንገድ ዐርብ በስድስት ሰዓት ለጎልማሳም አያስተማምን ይሆናል።

እስቲ አንድ ወጣት እናስብ። በወረዳው ጽሕፈት ቤት ጀማሪ ጸሐፊ ነው እንበል። ከደመወዙ ለወራት ያጠራቀመው ጥቂት ገንዘብ አለው፤ በዚህ ላይ የዕቁብ ዕጣ ደርሶታል። አባቱ በቆላው በኩል ገበሬ ናቸው፤ ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱ ሞቶባቸው ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ያርሳሉ። ልጅዬው የአንድ በሬ ዋጋ ሊሰጣቸው ቆርጧል። ለዚህም ዐርብን መረጠ፤ አባትም በሬም በአንድ ቀን ይገኛሉና። አሳቡ ደግ ነው፤ ስሕተቱም ከዚሁ ከደጉ አሳብ ይጀምራል።

ረፋድ ላይ፣ ወረፋው ከባንኩ በር አልፎ ወደ ውጭ በወጣበት ሰዓት ይሰለፋል። የሥራ ባልደረባው ከሩቅ አይቶት «ዛሬ ደግሞ ምን አመጣህ?» ሲለው «ለአባቴ በሬ ልገዛላቸው ነው» ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመልሳል። ደስታ ነው፤ ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን የበሬ ዋጋ ስንት እንደ ሆነ በዚያ ሰልፍ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ስለዚህ የሚያወጣውን ገንዘብ ልክ ለሁሉም ነገራቸው ማለት ነው። ገንዘቡን ተቀብሎ ደጃፉ ላይ ቆሞ እንደገና ቆጠረው። ከዚያ በስስ ፌስታል ጠቅልሎ በኮቱ የጎን ኪስ ከተተው። በቀጥታም ወደ ከብት ተራ አመራ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ኪሱን ዳበሰ።

ከብት ተራው በር ላይ ሲደርስ አንድ ጨዋ የሚመስል ሰው «ወንድሜ፣ ትከሻህ ላይ ምን ፈሰሰብህ?» ይለዋል። ዞር ሲል እውነትም ልብሱ ቆሽሿል። ሰውየው በመሐረብ ሊጠርግለት ይጠጋል፤ ሌላ ደግሞ ከበስተኋላ በግ እየጎተተ ይገፈትረዋል። ነገሩ ያለቀው ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ነው። አባቱ ገመዱን በክንዳቸው ጠምጥመው ከበሬዎቹ አጠገብ ቆመው ይጠብቁታል።

እኔ ይህን ሳስብ የሚያሳዝነኝ የሌባው ቅልጥፍና አይደለም። ቅልጥፍና እንኳ ያስፈለገው ለመጨረሻው ደቂቃ ብቻ ነበር። ቀኑን፣ የገንዘቡን ልክ፣ መንገዱንና ኪሱን ልጅዬው ራሱ ተራ በተራ ነግሮታል። ከእነዚህ ከአራቱ አንዱን እንኳ ቢደብቅ ኖሮ ሌባው ወደ ሌላ ሰው ዞር ባለ ነበር። ሌባ እንደ ማንኛውም ነጋዴ ድካሙን ያሰላል።

የቀድሞ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። የሲራራ ነጋዴ በበረሓና በገደል ሲጓዝ ገንዘቡ ጠገራ ብር ነበር፤ ያ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት፣ የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ብር ነው። አንዱ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል። አንድ ሺሕ ብር የያዘ ነጋዴ እንግዲህ 28 ኪሎ ብረት ይዟል ማለት ነው፤ በቅሎ ያስፈልገዋል፤ መደበቅ አይችልም። ስለዚህ ብቻውን አይሄድም ነበር፤ ጓደኛ እስኪበዛ ጠብቆ፣ መሣሪያ የያዘ አጃቢ አክሎ ይነሣ ነበር። ሽፍታውም ቢሆን ያን ሁሉ ሸክም ይዞ በሩጫ ማምለጥ አይሆንለትም። የዛሬው ገንዘብ ግን ከመስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ወዲህ የ200 ብር ኖት ስለ ተጨመረበት፣ 20 ሺሕ ብር አንድ መቶ ቅጠል ብቻ ነው፤ በአንድ መዳፍ ይያዛል። ለመያዝ የቀለለ ነገር ለመውሰድም ቀልሏል። የነጋዴዎቹን በቅሎ ትተናል፤ ጓደኛ ይዞ የመሄድን ልማድ ግን አብረን መተዋችን ስሕተት ይመስለኛል። አንድ የታመነ ሰው አብሮ ቢሄድ፣ ያውም ጎን ለጎን ሳይሆን ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ቢከተል፣ የሚከታተል ሰው መኖሩን ከባለገንዘቡ ይልቅ እርሱ ያያል።

የከተማውን ነገር ካነሣን እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ መርካቶ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ኪሴ በምላጭ ተሰንጥቆ፣ ቤት ደርሼ ካልሲዬን ሳወልቅ ነው ያወቅሁት። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ብዙ ዓይነት ቀማኛ አይታለች። በሞተር ብስክሌት ሆኖ ቦርሳና ስልክ ነጥቆ መሮጥ እየበዛ ስለ መጣ፣ የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞተር ብስክሌቶችን እንቅስቃሴ ገድቦ ነበር። የወደቀ የሚመስል የገንዘብ ጥቅል አንሥቶ «እንካፈል» የሚለው አጭበርባሪ ደግሞ ያረጀ ተንኮል ይዞ ዛሬም አላረፈም። በዚህ ተንኮል የሚያዘው ብዙውን ጊዜ ጅሉ ሳይሆን ትንሽ ስስት ያለበት ብልህ ነው፤ ይህን በማለቴ የተቀየመኝ አንባቢ ቢኖር ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ኤቲኤም በሚባለው መኪና ገንዘብ የሚያወጣ ሰውም የራሱ ፈተና አለው። መኪናው ካርዱን ይዞ ሲዘገይ «ልርዳህ» ብሎ የሚጠጋ ሰው ካርዱን በሌላ ካርድ ለውጦ ሊመልስ ይችላል፤ የሚስጥር ቁጥሩን ደግሞ ሲጫኑ አይቷል። በአንድ እጅ መጫን፣ በሌላው መሸፈን ነው። የተቸገረ ሰው እርዳታ የሚጠይቀው ባንኩ ውስጥ ከተቀመጠው ሠራተኛ ነው፤ ስለዚህ ባንኩ ክፍት በሆነበት ሰዓት መጠቀም ይሻላል። ማታ ከመሸ፣ መብራት በሌለበት ደጃፍ የሚወጣ ገንዘብ ለነገ ጠዋት ቢቆይ ምን ይጎዳል?

እዚህ ላይ ለተማሪ አንባቢዎቻችን የማሳስበው ነገር አለ። ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ከደረሰባቸው ወረዳዎች መካከል ናቸው። ክፍያው በመጀመሪያ በእጅ በጥሬ ገንዘብ ይሰጥ ነበር፤ በኋላ በየቦታው በባንክና በስልክ መክፈል ተጀምሯል። ፊደል ያልቆጠሩ አንዲት እናት ታዲያ ካርዳቸውን ወይም ስልካቸውን ይዘው የሚመጡት ወደ ሰፈሩ ተማሪ ነው። «ልጄ፣ ቁጥሩ ይኸውልህ፤ አንተው ጫንልኝ» ይላሉ። እምነታቸው ልብ ይነካል፤ ነገር ግን ቁጥሩን መቀበል አይገባም። «እማማ፣ ቁጥሩን ለኔም አይንገሩኝ፤ አብሬዎት ልሂድና ሠራተኛው ያሳይዎት» ብሎ መውሰድ፣ ሲጫኑም ፊትን ማዞር ነው። ይህን አንድ ጊዜ ያዩ እናት ሌላ ጊዜ ሌላ ሰው «እኔ ልጫንልዎ» ሲላቸው ይጠረጥራሉ። አያቶቻችን ገንዘባቸውን በመቀነታቸው ቋጥረው በልብሳቸው ውስጥ የሚታጠቁትን ግን እኛ ብንማር እንጂ የምናስተምራቸው ነገር የለም፤ እንኳን ምላጭ መርፌ አይደርስበትም።

በስልክ ስለ መክፈልም አንድ ቃል ልበል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው ጥሬ ገንዘብ መሸከም ቀንሷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኢንተርኔት በሌለበትም *127# በመደወል፣ የንግድ ባንክ ደንበኛ ደግሞ *889# ወይም በሲቢኢ ብር *847# በመደወል መላክ ይቻላል። ይህንን ማወቅ ለአማራ ክልል ሰው ቅንጦት አይደለም፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ፣ የባንክ ቅርንጫፎችም በየቦታው ተዘግተው እንደ ነበር የማያስታውስ የለም። መንገድም ቢሆን በእገታ ምክንያት የሚያስፈራበት ጊዜ መጥቷል። ስለዚህ ገንዘብ ለማውጣት ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ ከመነሣት በፊት ቅርንጫፉ መከፈቱን፣ ገንዘብ መኖሩንና መንገዱ ሰላም መሆኑን ደውሎ መጠየቅ ያሻል። የስልኩ ሌባ ደግሞ እጅ የለውም፤ ያለው ድምፅ ብቻ ነው። «ከባንክ ነው የምደውለው፤ የተላከልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» ካለ ነገሩ ታውቋል፤ ባንክ የደንበኛውን የሚስጥር ቁጥር በስልክ አይጠይቅም።

ይህን ሁሉ አድርጎም ክፉ አጋጣሚ ሊመጣ ይችላል። ማጅራት መቺ ጨለማ ቦታ ጠብቆ ስለት ቢያወጣ ምን ይደረጋል? መስጠት ነው። በአገራችን ለገንዘብ እጅ መስጠት እንደ ውርደት ይቆጠራል፤ በተለይ ጎበዝ ለተባለ ወጣት። እኔ ግን በክርክር ቆሞ የተወጋውን እንጂ ሰጥቶ በሕይወት የሄደውን አላዝንለትም። የወንበዴውን ፊት፣ ልብስ፣ የሄደበትን አቅጣጫ በልብ ይዞ ወዲያው ወደ ፖሊስ መሄድ፣ ካርድ ከተወሰደ ደግሞ ባንኩን አስደውሎ ማዘጋት ነው፤ ለንግድ ባንክ ቁጥሩ 951 ነው። ለፖሊስ ቃል ሲሰጡ ገንዘቡ በስውር ተወሰደ ወይስ በኃይልና በዛቻ ተነጠቀ የሚለውን በትክክል መናገር ያስፈልጋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስርቆትን በአንቀጽ 665፣ ውንብድናን በአንቀጽ 670 ለያይቶ ያያቸዋልና። ጥፋቱን ደብቆ ቤት መቀመጥ ግን ለሌባው የሚቀጥለውን ዐርብ መስጠት ነው። ቀድሞ በአገሩ አንድ ነገር ሲሰረቅ አውጫጭኝ ተቀምጦ መንደሩ በሙሉ ያየውን እንዲናገር ይደረግ የነበረው በከንቱ አልነበረም።

ወደ ጸሐፊው ወጣት እንመለስ። ገንዘቡን ሳይሆን ቀኑን ቢለውጥ ይበቃው ነበር። ወይም ደግሞ፣ ለእኔ ከሁሉ የሚሻለኝ ይህ ነው፣ ዐርብ ጠዋት ምንም ሳያወጣ ለሻይና ለቀብድ የሚሆን ጥቂት ብር ብቻ ይዞ ከአባቱ ጋር ከብት ተራ ይገባል። አባትዬው የበሬውን ጥርስ ያያሉ፣ ጫንቃውን ይዳብሳሉ፣ ጥቂት አስኪደው ያዩታል፤ ዋጋው ይቆረጣል፤ ቀብድ ይሰጣል። ከዚያ ሻጩ ሒሳብ ያለው ሰው ከሆነ ሦስቱም ወደ ባንኩ ይሄዱና ገንዘቡ ከአንዱ ደብተር ወደ ሌላው ይዛወራል። የባንኩ ሠራተኛ ራሱ ምስክር ነው። ወረፋው ረጅም ሊሆን ይችላል፤ ፀሐዩም ይጠነክራል፤ አባትዬው «ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ፣ ልጄ?» ይሉ ይሆናል። ይሁን፤ ይበሉ። ማታ ቆላውን ሲወርዱ በሬው ከፊት፣ ገመዱ በእጃቸው ነው፤ በኪሳቸው ያለውም የሻይ መልስ ብቻ ነው።