የክሉኒን ገዳም ያፈረሰው ማን ነው?

በፈረንሳይ፣ በቡርገንዲ ምድር፣ ክሉኒ በምትባል ትንሽ ከተማ በ910 የተመሠረተ ገዳም ነበር (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቤተ ክርስቲያኑ 187 ሜትር ይረዝም ነበር። የሮማው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን እንደ አዲስ እስኪታነጽ ድረስ በክርስቲያኑ ዓለም በትልቅነት የሚወዳደረው አልነበረም። ዛሬ ከዚያ ሕንፃ ቆሞ የሚታየው አንድ አሥረኛው እንኳ አይሞላም።

ስለ አብዮት ሲነሳ ችቦና መዶሻ ይዞ ደጀ ሰላም ሰብሮ የሚገባ ሕዝብ ይታሰበናል። በፈረንሳይ እንዲህ ያለም ደርሷል። ክሉኒን የመሳሰሉትን ታላላቅ ገዳማት ከመሠረታቸው ያናወጠው ግን ዕዳ፣ አዋጅና ጨረታ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከዕዳ ነው

አብዮቱ በፈነዳበት በ1789 የፈረንሳይ መንግሥት ካዝና ተራቁቶ ነበር። ቤተ ክርስቲያን በአንጻሩ ሰፊ ርስት ነበራት፤ ከገበሬውም አሥራት ትሰበስብ ነበር። ገበሬው በዚህ ማማረሩ እውነት ነበረው፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ አሥራቱ እንዲቀር ተወሰነ። በኖቬምበር 2 ቀን ደግሞ ብሔራዊ ሸንጎው የቤተ ክርስቲያን ንብረት በሙሉ ለሕዝብ እንዲሆን ደነገገ። ሐሳቡን ያቀረበው ታሌራን ራሱ ጳጳስ ነበር።

መንግሥት የሚሸጠውን ርስት መያዣ አድርጎ አሲኛ የተባለ ወረቀት አወጣ። ወረቀቱ ብዙም ሳይቆይ እንደ ገንዘብ ይዘዋወር ጀመር። ከዚያ በኋላ ወደኋላ መመለስ አስቸጋሪ ሆነ፤ ርስቱ ካልተሸጠ ወረቀቱ ዋጋ ያጣልና። በየካቲት 1790 የምንኩስና ቃል ኪዳን በሕግ ፊት ተሻረ፤ አብዛኞቹ ገዳማትም እንዲዘጉ ተወሰነ።

መሐላውና ደም መፋሰሱ

በሐምሌ 1790 ሸንጎው ጳጳሳትና ቀሳውስት በመራጭ እንዲመረጡና ደመወዛቸውን ከመንግሥት እንዲቀበሉ የሚያዝ ሕግ አወጣ። ካህናቱም በዚህ ሥርዓት እንዲምሉ ተገደዱ። ከአጥቢያ ካህናት ግማሽ ያህሉ ሲምሉ የቀሩት እምቢ አሉ። በ1792 ከውጭ ኃይሎች ጋር ጦርነት ሲከፈት ያልማለ ካህን ሁሉ የጠላት ወገን ተደርጎ ይታይ ጀመር። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር የፓሪስ እስር ቤቶችን የወረሩ ታጣቂዎች ከ200 በላይ ካህናትን ገደሉ፤ ሦስቱ ጳጳሳት ነበሩ። በ1794 ደግሞ ከኮምፒየኝ ከተማ የመጡ 16 የቀርሜሎስ ገዳም ሴቶች በአንድ ቀን አንገታቸው ተቀላ።

1793 ለሕንፃዎቹም ክፉ ዓመት ነበር። ለእያንዳንዱ አጥቢያ አንድ ደወል ብቻ ቀርቶ ሌላው ለመድፍ እንዲቀልጥ ታዘዘ። በቅዱስ ዴኒስ ቤተ ክርስቲያን የነገሥታቱ መቃብር ተከፍቶ አፅማቸው በጉድጓድ ተጣለ፤ የሬሳ ሣጥኑ እርሳስም ለጥይት ተወሰደ። በስትራስቡርግ 142 ሜትር የሚረዝመው የካቴድራሉ ጫፍ «ከሌላው ቤት በላይ መቆሙ የእኩልነት ተቃራኒ ነው» ተብሎ ሊፈርስ ነበር። የዳነው የአብዮቱን ቀይ ቆብ በቆርቆሮ ሠርተው ስለደፉበት ነው።

በፓሪሱ ኖትር ዳም የሆነው ደግሞ የጊዜውን ጭፍንነት ያሳያል። ከመግቢያ በሮቹ በላይ 28 የነገሥታት ሐውልቶች ተደርድረው ነበር። የከተማው አስተዳደር የፈረንሳይ ነገሥታት መስለውት እንዲወርዱ አዘዘ፤ አንገታቸውም ተቆረጠ። ሐውልቶቹ ግን የብሉይ ኪዳን የይሁዳ ነገሥታት ነበሩ። በ1977 በፓሪስ አንድ ግቢ ሲቆፈር 21ዱ ራሶች ተገኙ፤ አሁን በከተማዋ በሚገኝ ሙዚየም ይታያሉ።

ከሁከቱ በኋላ የመጣው ገዢ

የክሉኒ መነኮሳት በ1791 ገዳማቸውን ለቀው ወጡ፤ በ1793 ቤተ ክርስቲያኑ ተዘረፈ። ግድግዳውና ጣራው ግን ገና አልፈረሱም ነበር። በ1798 ነጋዴዎች ገዙት። ለእነሱ ሕንፃው የተጠረበ ድንጋይ ክምችት ነበር። በመካከሉ መንገድ ቀደዱ፣ አንዳንዱን ክፍል በባሩድ አፈራረሱ፣ ድንጋዩን ለቤት ሠሪ ቸረቸሩ። በ1801 ናፖሊዮን ከሮማው ጳጳስ ጋር ታረቀ፤ ቤተ ክርስቲያንም የተሸጠባትን ንብረት ላትጠይቅ ተስማማች። አምልኮ በይፋ ተመልሶ፣ ቅዳሴ በየከተማው እየተሰማ፣ የክሉኒ ማፍረስ እስከ 1823 ቀጠለ። ስለዚህ ጥፋቱን በአብዮቱ ግለት ብቻ ማመካኘት አይቻልም።

ለሌላ አገልግሎት የተፈለጉት ግን ተረፉ። ሞን ሳን ሚሼልና ፎንቴቭሮ የተባሉት ገዳማት ወህኒ ቤት ሆነው ግድግዳቸው ቆመ። የፎንቴቭሮ ወህኒ ቤት የተዘጋው በ1963 ነው።

የታደጉ ሰዎችም ነበሩ

አሌክሳንደር ለኗር የተባለ ሰው በፓሪስ በተዘጋ ገዳም ውስጥ ከየቤተ ክርስቲያኑ የመጡ ሐውልቶችን ሰብስቦ በ1795 ለሕዝብ ሙዚየም ከፈተ። አባ ግሬጎዋር ደግሞ ካህን ሆኖ ንጉሣዊ አገዛዝን አጥብቆ የሚቃወም የሸንጎ አባል ነበር። በ1794 የቅርስ ውድመቱን የሚያጋልጥ ሪፖርት ለሸንጎው አቅርቦ ጥፋቱ እንዲቆም ጠየቀ። አብዮቱን ደግፎ ማፍረሱን መቃወም እንደሚቻል በራሱ አሳየ።

በ1830 ፈረንሳይ ታሪካዊ ሕንፃዎችን የሚቆጣጠር ሹም ሾመች፤ ክሉኒ ከፈረሰ 7 ዓመት በኋላ ማለት ነው። የአሥራት በደል በአዋጅ ብቻ ቀርቷል፤ ለዚያ አንድም ድንጋይ መንቀል አላስፈለገም። ያለአግባብ የተያዘ መሬት ይመለሳል፣ መጥፎ ሕግ ይሻራል፤ ትውልዶች ያነጹት ግን አንዴ ተቸርችሮ ካለቀ ማንም መንግሥት አይመልሰውም። የቤተ ክርስቲያንም ሆነ የመስጊድ ንብረት በመንግሥት እጅ ሲገባ፣ ከጨረታው በፊት መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው፦ ከዚህ ውስጥ መልሰን ልንሠራው የማንችለው የቱ ነው?