ስለ አስታና ስለ ዘመዶቹ፤ ዕፀዋት በየወገናቸው እንዴት እንደሚለዩ

በአዲስ አበባ ከተማ በምሥራቅ በኩል፥ በቦሌና በኮተቤ የሚኖር ሰው ዓይኑን ወደ ሰሜን ቢያነሣ የየካ ኰረብታና የእንጦጦ ተራራ ይታዩታል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ የእንጦጦ ራስ ግን ከ3,000 ሜትር ያልፋል። መንገዱ አጭር ሲሆን የከፍታው ልዩነት ብዙ ስለ ሆነ አየሩ ይለወጣል፤ አየሩም ሲለወጥ ዕፀዋቱ አብረው ይለወጣሉ። ስለዚህ በቦሌ ሜዳ የማይበቅል፥ በተራራው ላይ ግን የሚበቅል አንድ ቍጥቋጦ አለ። እርሱም በአማርኛ አስታ፥ በኦሮምኛ ሳቶ የሚባለው ነው።

ዛሬ የእንጦጦን ተራራ በብዛት የሸፈነው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የመጣ የአውስትራልያ ተወላጅ ነው። አስታ ግን ከጥንት ጀምሮ የአገሩ ልጅ ነው። ነገር ግን ቅጠሉ ደቃቅ፥ ቁመቱም በብዙ ስፍራ አጭር ስለ ሆነ መንገደኛው ማገዶ ከመሆን በቀር ሌላ ጥቅም ያለው አይመስለውም፤ ስሙንም ሳይጠይቅ ያልፈዋል። ስሙንና ወገኑን ያላወቁትን ነገር መጠበቅ አይቻልም። ጠብቁ ቢባል ሌላውን ይጠብቃሉ፤ ትከሉ ቢባል ሌላውን ይተክላሉ። ስለዚህ አስታ ምን እንደ ሆነ፥ ዘመዶቹም እነማን እንደ ሆኑ፥ ይህም በምን እንደሚታወቅ ከዚህ ቀጥሎ ይነገራል።

፩። ወገን መለየት ምን ማለት ነው

ብዙ የሆነውን ነገር በየወገኑ መለየት ለኢትዮጵያ ተማሪ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በቅኔ ቤት ግሥ ሁሉ በስምንት አርእስት ሥር በየቤቱ ይመደባል። ቀተለና ቀደሰ በጽሕፈት ሲታዩ ሁለቱም ባለ ሦስት ፊደል ስለ ሆኑ የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ። ሲነበቡ ግን የቀተለ መካከለኛ ፊደል ይላላል፥ የቀደሰ መካከለኛ ፊደል ይጠብቃል፤ ስለዚህም ቤታቸው ልዩ ልዩ ነው። ዓይን ያላየውን ልዩነት ጆሮ አገኘው ማለት ነው። ተማሪውም የአንዱን ቤት እርባታ ካወቀ በዚያ ቤት ያሉትን ግሦች ሁሉ ማርባት ይችላል።

የዕፀዋትም ነገር እንደዚሁ ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት ዕፅን ሁሉ በነገድ፥ በወገንና በዓይነት ይከፍሉታል። በአንድ ነገድ ውስጥ ብዙ ወገኖች፥ በአንድ ወገን ውስጥም ብዙ ዓይነቶች ይገኛሉ። ካርል ሊኔየስ የሚባለው የስዊድን አገር ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1753 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ዕፅ ባለ ሁለት ቃል ስም ሰጠ። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) የፊተኛው ቃል የወገኑ ስም ነው፤ የኋለኛው ቃል የዓይነቱ ስም ነው። ይህም እንደ ሰው ስምና እንደ አባቱ ስም ያለ ነው፤ ልዩነቱ ግን በዕፀዋት ዘንድ የአባትየው ስም መቅደሙ ነው። አስታ በዚያው መጽሐፍ ኤሪካ አርቦሬያ ተብሎ ተጽፏል። ኤሪካ የወገኑ ስም ሲሆን አርቦሬያ በላቲን ቋንቋ ዛፍ መሳይ ማለት ነው።

፪። ቅጠል ብቻውን እንዳያሳስት

አንድ ሰው አስታን መጀመሪያ ሲያየው የጥድ ዘመድ ይመስለዋል። የሁለቱም ቅጠል ደቃቅ ነው፤ ሁለቱም በደጋ ይበቅላሉ፤ ሁለቱም በበጋ ቅጠላቸውን አያረግፉም። ነገር ግን ጥድ ከቶ አበባ የለውም፤ ፍሬ የሚመስለውም ከአበባ የተገኘ ፍሬ አይደለም። አስታ ግን እውነተኛ አበባ አለው። እንግዲህ በአስታና በጥድ መካከል ያለው ርቀት በአስታና በባቄላ መካከል ካለው ርቀት ይልቅ እጅግ የሰፋ ነው፤ ባቄላ ያብባልና።

በከፍተኛ ተራራ ላይ ከአስታ ጋር ተደባልቆ የሚበቅል አሜጃ የሚባል ቍጥቋጦም አለ። የእርሱም ቅጠል ጠባብ ስለ ሆነ ከሩቅ ሲታይ ወንድሙ ይመስላል። ሲያብብ ግን አበባው ቢጫ ነው፤ አምስት የተለያዩ ሰፋፊ የአበባ ቅጠሎች አሉት፤ በመካከሉም ቍጥራቸው እጅግ የበዛ ክሮች ይታያሉ። ስለዚህ ነገዱ ሌላ ነው። ከብርድና ከነፋስ ጋር የሚኖሩ ዕፀዋት ዘመዳሞች ሳይሆኑ ብዙዎቹ ቅጠላቸውን ያጠብባሉ፤ ይህም በአንድ ደጋ የሚኖሩ ሰዎች ሁሉ ጋቢ ስለ ለበሱ የአንድ አባት ልጆች እንደማይሆኑ ያለ ነው። ቅጠል የኑሮን ነገር ይናገራል፤ የዘርን ነገር የሚናገረው ግን አበባ ነው።

፫። የአስታ አበባ እንዴት እንደሚመረመር

አስታ በሚያብብበት ወራት ተማሪው ከአንድ ቅርንጫፍ ጫፍ ጥቂት አበባ ብቻ ይውሰድ። በነጭ ወረቀት ላይ ያኑረው፤ በመርፌም ጫፍ ቀስ ብሎ ይክፈተው። አጕሊ መነጽር ቢገኝ በእርሱ ይመልከት።

አበባው ከስንዴ ቅንጣት ያነሰ ነጭ ደወል ይመስላል። የአበባው ቅጠሎች እንደ አሜጃ የተለያዩ አይደሉም፤ ከሥራቸው ተጋጥመው አንድ ደወል ሆነዋል፤ ጫፉ ግን በአራት ተከፍሏል። በስተ ውጭ አራት ትንንሽ ሽፋኖች አሉ። በውስጡ ብናኝ የሚሰጡ ስምንት ወንዴ ክሮች ይገኛሉ። በመካከላቸውም አንድ ሴቴ ዘንግ ቆሞ ከደወሉ ወደ ውጭ ብቅ ይላል። የወንዴው ራስ ብናኙን የሚያወጣው እንደ ብዙዎቹ አበቦች ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ አይደለም፤ በትንሽ ቀዳዳ ነው። ደወል መሳይ አበባና ቀዳዳ ያለው ወንዴ በአንድነት ሲገኙ የነገደ ኤሪካ ዋና ምልክቶች ናቸው።

ቅጠሉንም ተማሪው አገላብጦ ይየው። በቅርንጫፉ ዙሪያ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሦስት ሆነው የተሰኩ ናቸው፤ ጠርዛቸውም ወደ ታች ተጠቅልሏል። ይህም ውኃው በነፋስና በፀሐይ ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርጋል።

፬። ሦስቱ የኢትዮጵያ ኤሪካዎች

በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የኤሪካ ወገን የሆኑ ሦስት ዕፀዋት ይታወቃሉ። የወንዴ ክራቸውን የቈጠረ ሰው ይለያቸዋል።

የመጀመሪያው ከላይ የተነገረው ኤሪካ አርቦሬያ ነው። አበባው ነጭና ሽታው ያማረ ስለ ሆነ ንብ ትጐበኘዋለች። የወንዴው ክር ስምንት ነው።

ሁለተኛው ኤሪካ ትሪሜራ ይባላል፤ ትሪሜራ ማለት በጽርእ ቋንቋ ባለ ሦስት ክፍል ማለት ነው። የአበባው ክፍል ብዙውን ጊዜ ሦስት፥ የወንዴው ክር ስድስት ነው። አበባው ደቃቅና የማይጐላ ነው፤ ብናኙንም ከአበባ ወደ አበባ የሚያደርሰው ነፋስ ነውና ንብን ለመጥራት ጌጥ አያስፈልገውም። የሴቴው ዘንግ ጫፍ ግን ነፋስ ያመጣውን ብናኝ ይቀበል ዘንድ እንደ ሰሐን ሰፍቷል። በባሌ ተራሮች ከአርቦሬያ ይልቅ ወደ ላይ ወጥቶ የደኑን የመጨረሻ ዳር የያዘው ይህ ነው።

ሦስተኛው ኤሪካ ቴኑይፒሎሳ ይባላል። እርሱ አጭር ቍጥቋጦ ነው፤ የወንዴው ክርም አራት ብቻ ነው።

ስለዚህ ተማሪው ስምንት፥ ስድስት፥ አራት የሚለውን ቍጥር ቢይዝ ሦስቱን ወንድማማቾች ለመለየት በር ይከፈትለታል።

፭። ሊቃውንት ስለ ተለያዩበትና ስለ ተስማሙበት

ይህ የክር ቍጥር ለሊቃውንቱም ብዙ ዘመን ክርክር ሆኖባቸው ነበር። በ19ኛው ምዕት ዓመት የነበሩ ሊቃውንት ባለ ሦስት ክፍሉን አስታ ከኤሪካ ወገን ለይተው ፊሊፒያ በሚባል ሌላ ወገን ጻፉት። ባለ አራት ክሩንም ብሌሪያ በሚባል በሌላ ወገን አኖሩት። እንደዚህም ሆኖ መቶ አምሳ ዓመት ያህል በመጻሕፍት ኖረ።

በኋላ ግን በአፍሪካ ያሉት ዓይነቶች ሁሉ ተሰብስበው ሲመረመሩ ድንበሩ እንደማይጸና ታወቀ። በአንዱና በሌላው መካከል የሚቆሙ፥ ለአንዱም ለሌላውም የሚሆኑ ዓይነቶች ተገኙ። ስለዚህ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፊሊፒያና ብሌሪያ ፈርሰው ወደ ኤሪካ ወገን ተመለሱ። የክሩ ቍጥር ዓይነትን ከዓይነት ይለያል፤ ወገንን ከወገን ለመለየት ግን እንደማይበቃ ታወቀ።

በዚህ አንድ የሚያስተውሉት ነገር አለ። የደጋው ገበሬና እረኛ በብዙ ስፍራ ነጩንም ደቃቁንም በአንድ ስም አስታ ወይም ሳቶ እያለ ሲጠራ ኖሯል። ሊቃውንቱ በመጻሕፍት ለያይተው ካቈዩት በኋላ በመጨረሻው ሕዝቡ ወዳኖረበት ወደ አንዱ ቤት መለሱት። ይህም ማለት መጽሐፍ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ሁለት ዓይነት መሆናቸውን ያስታወቀው ቈጣሪው ነውና። ነገር ግን የአገር ስም ለማወቅ ለሚሻ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቅ ምስክር እንጂ የሚናቅ ነገር አይደለም።

ቀድሞ የኢትዮጵያን ዕፀዋት የሚሰበስቡት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ከነዚህም ቪልሄልም ሺምፐር የሚባለው ጀርመናዊ በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በ1878 እስኪሞት ድረስ በሰሜኑ አገር እየኖረ እጅግ ብዙ ዕፅ አድርቆ ወደ አውሮፓ ሰደደ። በ1959 ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም፥ ይኸውም የደረቀ ዕፅ የሚጠበቅበት ቤት ተቋቋመ። ከ1980 እስከ 2009 ድረስም ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ከስዊድን ሊቃውንት ጋር ተባብረው የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፀዋት መጽሐፍ በስምንት ክፍል ጽፈው ፈጸሙ።

፮። የአስታ ዘመዶች በሌላው ዓለም

ነገደ ኤሪካ በዓለም ላይ ከ4,000 በላይ ዓይነት አለው። ለጌጥ የሚተከለው ሮዶደንድሮን፥ ፍሬው የሚበላው ብሉቤሪ ከዚህ ነገድ ናቸው። ከነዚህ መካከል ኤሪካ ብቻውን ከ800 በላይ ዓይነት ሲኖረው የሚበዛው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ በኬፕ አገር ይገኛል።

አርቦሬያ ግን ከኢትዮጵያ ሌላ በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች፥ በቻድ አገር በቲቤስቲ ተራራና በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ይበቅላል። በ2011 የወጣ የዘረ መል ምርመራ ይህ ዕፅ ከምሥራቅ አፍሪካ ተነሥቶ ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ እንደ ተስፋፋ አመለከተ። በፈረንሳይ አገር ከሥሩ ጕቶ የትምባሆ ፒፓ ይሠሩበታል፤ ጕቶው ጠንካራና እሳትን የሚታገሥ ነውና።

፯። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ስለ ምንድር ነው

ይኸው እሳትን የሚታገሥ ጕቶ የአስታ ሕይወት የተሰወረበት ነው። በባሌ እረኞች ለከብቶቻቸው ሣር ይበቅል ዘንድ ያረጀውን አስታ ያቃጥሉታል። ቅርንጫፉ ቢቃጠል ወይም ቢቈረጥ ከጕቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣል። ብዙ ዘመን እሳትና ምሳር ካላገኘው ከሰው ቁመት አልፎ ዛፍ ይሆናል። ዳግመኛ ሳያገግም ደጋግሞ ቢቃጠል ግን ይደክማል፤ ጕቶው ለማገዶ ወይም ለከሰል ተቈፍሮ ቢወጣ ፈጽሞ ይጠፋል። ቅርንጫፍ የቈረጠ ሰው የዓመት ፍሬ እንደ ወሰደ ነው፤ ጕቶ የነቀለ ግን ዘሩን እንደ በላ ገበሬ ነው።

ከእንጦጦና ከየካ በኩል የሚወርዱት እንደ ቀበና ያሉት ወንዞች በከተማው ምሥራቃዊ ክፍል አልፈው ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባሉ። በተራራው ላይ አፈሩን የያዘው ሥር ሲነቀል ጐርፉ አፈሩን ይዞ ወደ ቈላው ሜዳ ይወርዳል። ስለዚህ አስታ በቦሌ ባይበቅልም የቦሌ ሰው ከአስታ ነገር የራቀ አይደለም።

መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ደጋው በወሰደ ጊዜ አስቀድሞ የአገሩን ሰው የዕፁን ስም ይጠይቅ። ቀጥሎ አበባውን ከፍተው ክሩን ይቍጠሩ፤ ያገኙትን ቍጥር፥ የስፍራውን ስምና ዕለቱን በደብተር ይጻፉ። ከአንድ ቍጥቋጦ ከአንዲት ትንሽ ቅርንጫፍ በላይ አይቍረጡ፤ ጕቶውንም አይንኩ። እንዲህ ያደረገ ተማሪ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራራውን ሲያይ ቍጥቋጦ ሁሉ አንድ መስሎ አይታየውም፤ በስሙ ያውቀዋል፤ ያወቀውንም ይጠብቃል።