ቴአትር ቤት የሚታደሰው ለማን ነው?

አንድ ያረጀ ቴአትር ቤት ታድሶ ሲከፈት በቅድሚያ መነሣት ያለበት ጥያቄ መድረኩ የትኛውን የኅብረተሰብ ክፍል ያገለግላል የሚለው ነው። የቀለሙና የወንበሩ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የአገራችን የቴአትር ታሪክ ይህንኑ በግልጽ ያስረዳል።

የሀገር ፍቅር ማኅበር በሐምሌ ወር 1927 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲቋቋም ዓላማው ፋሺስት ኢጣሊያ የደገሰውን ወረራ ለመመከት ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን መቀስቀስ ነበር። ጠላት በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን ሲይዝ መድረኩ ተዘጋ፤ በ1933 ዓ.ም. ድል ከተመታ በኋላ እንደገና ተከፈተ። ለቤቱ ዳግም ሕይወት የሰጡትም ከየጠቅላይ ግዛቱ የተሰባሰቡ አዝማሪዎች፣ ክራር መቺዎችና ተዋንያን ናቸው። የፊውዳሉ ሥርዓት በንቀት ዓይን ይመለከታቸው የነበሩት እነዚህ የጥበብ ሰዎች ለዘመናዊው የመድረክ ጥበብ መሠረት ጣሉ።

የብሔራዊ ቴአትር ታሪክ ሌላውን ገጽታ ያሳያል። ሕንፃው በወረራው ዘመን «ሲኒማ ማርኮኒ» ተብሎ ለወራሪው መዝናኛ ተጀምሮ ሳይጠናቀቅ ቀረ። ኋላ ተሠርቶ በ1948 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት፣ በስማቸው ተሰይሞ ሲመረቅ የቀረበው የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። የታሪኩ ጭብጥ ንጉሥ የወታደሩን ሚስት ወስዶ ባልዬውን ለሞት መላኩ ነው። በንጉሥ ክብረ በዓል ላይ የንጉሥ በደል ተተረከ! መድረክ ካሠራው ክፍል ፍላጎት አልፎ እውነትን ሊናገር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ቤቱ «ብሔራዊ» የሚለውን ስም ያዘ።

ይህ ተሞክሮ በደቡብ ምዕራቡ የቡና ምድር ለሚገኙት ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ታላቅ ትምህርት ይሰጣል። የቤንች፣ የሸኮ፣ የከፋ፣ የሸካና የመዠንገር ሕዝቦች በየቋንቋቸው የዳበረ ዜማና ውዝዋዜ አላቸው። የበበቃና የቴፒ ሰፋፊ የቡና እርሻዎችም በለቀማ ወቅት ከሌሎች አካባቢዎች የሚመጣ ሠራተኛ ያስተናግዳሉ። ይህ ሁሉ ወገን የሚገናኝበት መድረክ ከእርሻ ማሳና ከገበያ የማይተናነስ ፋይዳ አለው።

በአብዮቱ ዘመን በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ የተደራጁት የኪነት ቡድኖች ብዙ ወጣት ለመድረክ አብቅተዋል፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግን አብዛኞቹ ተበትነዋል። ቡድኑ የተበተነበት አዳራሽ ቢታደስ የስብሰባ ቤት ከመሆን አያልፍም።

ስለዚህ በየከተማው ያረጁ አዳራሾች ሲጠገኑ ለግንቡ የሚመደበው በጀት ለተዋንያኑ ሥልጠናና ለደራሲው ድካም ጭምር ሊታሰብ ይገባል። የመግቢያው ዋጋም የቡና ለቃሚዋን አቅም ያገናዘበ ይሁን። እርሷ በተመልካች ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ የገዛ ሕይወቷ በገዛ ቋንቋዋ በመድረክ ላይ ሲተወን ባየች ዕለት፣ ቴአትር ቤቱ በእርግጥ ተከፍቷል ለማለት ይቻላል።