ከድንኳን ወደ ድንጋይ ቤት፦ የጉዛራ ግንብ

ከማክሰኝት ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው እንፍራንዝ አካባቢ ሲደርስ ከመንገዱ ከፍ ብሎ፣ ጣናን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ የቆመ ግንብ ያገኛል፤ ጉዛራ ይባላል። ብዙዎቻችን በመኪና አልፈነዋል፤ ወጥተን ያየነው ግን ጥቂቶች ነን።

ውድ አንባቢያን፣ የዚህን ቤት ዋጋ ለመረዳት የዚያን ዘመን ነገሥታት ኑሮ ማስታወስ ይጠቅማል። ቤተ መንግሥታቸው ድንኳን ነበር። ቤተሰቡም ሠራዊቱም አብሮ ይጓዛል፤ ክረምት ሲገባ አንድ ቦታ ያርፋል። እ.ኤ.አ. ከ1529 እስከ 1543 ከኢማም አሕመድ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ ግን ወደ ጣና ዙሪያ እያዘነበሉ መጡ። ጉዛራን ያሠሩት ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል እንደሆኑ ይነገራል።

ቤቱ ትልቅ አይደለም። ምድር ቤትና ፎቅ አለው፤ ክብ ማማዎቹ ጉልላት ደፍተዋል። ድንጋዩን ያያያዘው ኖራ ነው፤ ኖራ ደግሞ ድንጋዩ በእሳት ተቃጥሎ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ከአሸዋ ጋር ተለውሶ የሚዘጋጅ ነው።

ክርክሩም እዚህ ላይ ነው። የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ጽሑፎች ኖራ ለግንባታ የዋለው በ1620ዎቹ እንደሆነ ይናገራሉ። ስለዚህ አንዳንድ ተመራማሪዎች ዛሬ የምናየው ግንብ በኋላ ዘመን የተሠራ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ያም ሆነ ይህ፣ በ1636 ገደማ ጎንደርን የቆረቆሩት ዐፄ ፋሲል ያሠሩትን ግንብ ያየ ሰው የሁለቱን ዝምድና አይስተውም። ጉዛራም እ.ኤ.አ. በ1979 ከጎንደር ግንቦች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

መመዝገብ ብቻውን ግን ዝናብ አያስጥልም። የላይኛው ክፍል በከፊል ፈርሷል። ቤት ያለው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከላይ ያፈሰሰ ቤት ግድግዳው አይቆይም፤ ውኃ ኖራውን ያጥበዋል፣ የዛፍ ሥርም በስንጥቁ ገብቶ ድንጋዩን ያላቅቀዋል። ትንሿን ቀዳዳ በጊዜ መድፈን ከወደቀ በኋላ ከመገንባት ይቀላል።

እንግዲህ ሰላም ሆኖ መንገዱ ሲመች፣ ባልና ሚስት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ የወጣቶችና የመዘምራን ጉዞ የምታዘጋጁም አስቡበት። በግድግዳው ላይ ስም አትጻፉ፤ ድንጋይም ለማስታወሻ አታንሡ። በድንኳን ያደረ ንጉሥ ለምን የድንጋይ ቤት እንዳማረው ልጆቹን ጠይቋቸው፤ ከዚያም ወደ ጣና ዘወር ብለው ይዩ።