የጎመን ዘር ምርትና ቅባት በዘር ውርስ ዐይን

ጎመን ዘር በኢትዮጵያ ደጋ አገር ከጥንት ጀምሮ በጓሮ የሚበቅል ተክል ነው። ቅጠሉ ለጋ ሳለ ተቀንጥሶ ይበላል፤ ፍሬው ደግሞ ተወቅጦ እንጀራ ሲጋገር ለምጣድ ማሰሻ ይሆናል። አንዱ ተክል የአትክልትንም የቅባት እህልንም አገልግሎት ስለሚሰጥ፥ ዘሩን የማሻሻል ጉዳይ የባላገሩን ኑሮ በቀጥታ ይነካል።

የተክሉን ትውልድ የገለጸው በጃፓን ይሠራ የነበረው የእጽዋት ሊቅ ናጋሃሩ ኡ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት እንዳስረዳው፥ ጎመን ዘር 8 ጥንድ ክሮሞሶም ካለው ከሰናፍጭና 9 ጥንድ ካለው ከጥቅል ጎመን ወገን ተወልዶ፥ የሁለቱን ወላጆች ሙሉ ውርስ በመያዝ 17 ጥንድ ያለው ሆነ። ከዚህም የተነሣ አንዱ ጠባይ ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ወላጆች በመጡ ጂኖች ይመራል።

ለዚህ ኤሩሲክ አሲድ የተባለው ቅባት ምስክር ነው። ከዘይቱ 40 ከመቶ ያህሉ እርሱ ነው፤ በብዛት ሲበላ የእንስሳትን ልብ እንደሚጎዳም በምርመራ ታይቷል። መጠኑን የሚወስኑት ከየወላጁ አንድ አንድ የመጡ ሁለት ጂኖች ስለ ሆኑ፥ የአንዱ ሥራ ብቻ ቢቋረጥ አሲዱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ሁለቱ አንድነት ሲቋረጡ ግን ይጠፋል።

የምርት ብዛት ግን እንዲህ በቀላሉ አይመረመርም። የቅርንጫፉ ብዛት፥ በየቅርፊቱ ያለው የፍሬ ቍጥርና የፍሬው ክብደት፥ እያንዳንዱ በብዙ ጂኖች የሚመራ ሲሆን፥ መሬቱና ዝናሙም ይለዋውጡታል። ስለዚህ አንዱን ተክል በዐይን አይቶ መምረጥ ያሳስታል፤ ልጆቹን በልዩ ልዩ ቦታና ዓመት ዘርቶ መመዘን ያስፈልጋል። የቅባት መጠን በአንጻሩ ውርሱ የጸና ስለ ሆነ፥ ምርጫው ቀደም ብሎ ሊጀመር ይችላል። ቅባት ሲጨምር ግን ፕሮቲን ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ቢጫ ፍሬ ያለው ዐይነት ቅርፊቱ ቀጭን በመሆኑ ይህን ችግር በከፊል ያቃልላል።

ደግሞም የቅባት መቶኛ ብቻውን አያስመካም። በሄክታር 20 ኩንታል ሰጥቶ 40 ከመቶ ቅባት ያለው 8 ኩንታል ዘይት ሲይዝ፥ 16 ኩንታል ሰጥቶ 44 ከመቶ ያለው የሚይዘው 7 ኩንታል ያህል ነው።

ፋብሪካ ለማሽን ቅባት ኤሩሲክ አሲድ የበዛበትን ይሻል፤ ለምግብ ዘይት የጠፋበት ይፈለጋል፤ የባላገሯ ጓሮ ደግሞ ለስላሳ ቅጠል ይጠይቃል። እነዚህን ሁሉ አንድ ምርጥ ዘር ሊያሟላ አይችልም። አርቢው ወደ ፊት የሚሻቸው ጂኖች የሚገኙት ሴቶች ከዓመት ዓመት መርጠው ባቆዩት የጓሮ ዘር ውስጥ ነውና፥ አዲሱ ዘር ሲገባ አሮጌው እንዳይጠፋ መጠበቅ ራሱ የማሻሻሉ ሥራ ክፍል ነው።